ሽቶ የተረጨ ቱታ

የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በሌለበት “ሽቶው” ይሉታል። በወረቀት ላይ ደግሞ “ተጠባባቂ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ” ተብሎ ይጻፋል። ከሁለቱ መጠሪያዎች የትኛው ያሳፍርሃል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ይጠቅስ ነበር፤ የመጀመሪያውን እንደ ሙገሳ ይቆጥረዋልና። “ተጠባባቂ” የሚለው ቃል ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሲቆረቁረው ኖሯል። ይህን ቃል ከማዕረጉ ላይ የሚፍቅለት አንድ የቋሚ ሹመት ደብዳቤ ብቻ ነው። የሚያስበውም የሚያልመውም ይህንኑ ደብዳቤ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አስቦ አያውቅም።

ድርጅቱ የመብራት ምሰሶ ይተክላል፣ ሽቦ ይዘረጋል። የመስክ ቡድኖቹ ሦስት ሦስት ሳምንት ከከተማ ወጥተው፣ ድንኳን ውስጥ እያደሩ፣ አንድ ቀን በዝናብ እየበሰበሱ ሌላ ቀን በፀሐይ እየነደዱ ይሠራሉ። ሲመለሱ የለበሱትንም የተኙበትንም በጆንያ አስረው ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይጥሉታል። ቱታው የሦስት ሳምንት ላብ፣ የናፍጣና የእንጨት ምሰሶ የሚቀባበትን ጥቁር ቅባት ጠረን ይዞ ይመጣል። ድንኳኑ እርጥብ እንደሆነ ስለሚጠቀለል ሻጋታ ያወጣል። ቦት ጫማውንማ ባለቤቱ ራሱ ፊቱን አዙሮ ነው የሚያወልቀው። ይህ ሁሉ ታጥቦ፣ ደርቆና ታጥፎ ለሚቀጥለው ጉዞ መድረስ አለበት። ታላቅ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ሐቅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ዛሬ አንዱ የተኛበትን የመኝታ ከረጢት ነገ ሌላው እስከ አፍንጫው ድረስ ዘግቶ ይተኛበታልና።

የሽታ ነገር ሰውየውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያሳድደው የኖረ ጉዳይ ነው። አባቱ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ስትሆን፣ የአባትየው የሥራ ልብስ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሁለቱንም ክፍሎች ይገዛ ነበር። ትምህርት ቤት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ ሲቀመጡ፣ ከጎኑ ያለው ልጅ ቀስ በቀስ እየተንፏቀቀ የዴስኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያይ ነበር። ይህ የሚነገረው እንዲታዘንለት አይደለም። በዚያ ፋብሪካ ደጃፍ ብዙ ልጆች አድገዋል፤ ከእነሱም መካከል የአባታቸውን ልብስ ያጠቡ ነበሩ። እሱ አላጠበም። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ከአክስቱ ቤት አንዲት የሽቶ ጠርሙስ ይዞ መጣና ልብሱ ላይ ነፋት። አባቱ ወደ ሥራ ሊወጡ ልብሱን ሲያነሡ አሸተቱትና ፈገግ አሉ። “ልጄ፣ ቀድሞ አንድ ሽታ ነበር፤ አሁን ሁለት አደረግኸው” አሉት። የተነገረው ነገር ጥበብ ነበር፤ የሰማው ጆሮ ግን ስድብ አድርጎ ያዘው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ሕይወቱ ያችው ጠርሙስ ናት፤ መጠኗ ብቻ አድጓል። በግምጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስድስት የሽቶ መርጫ ጣሳዎች እንደ ወታደር ተሰልፈው ይቆማሉ። ጆንያ በገባ ቁጥር በአንድ እጁ አፍንጫውን ይዞ በሌላው ይረጫል። ልብስ ሲወጣም ይረጫል። የመስክ ሠራተኛ ለፊርማ ጠጋ ካለው፣ ሰውየው ዘወር እስኪል እንኳ ሳይታገሥ አየሩን ይረጫል። ይህም ጨዋነት ይመስለዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ደረጃው ላይ ቆሞ ራሱን ከአናቱ እስከ እግሩ ያርከፈክፋል። ባለቤቱ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ቀልድም ቁጣም የማይጠፋባት ሴት ናት። “እኔ ያገባሁት ባል ነው ወይስ የፀጉር ቤት?” ትለዋለች።

“ንጽሕና የማይወድ ሰው አለ?” ይላል እሱ።

“ንጽሕና ሌላ፣ ይኼ ሌላ። እንደው ምን ሸተተኝ ብለህ ነው?”

ምን እንደሸተተው ሊመልስላት አይችልም ነበር፤ አፍንጫው በዚያ ሁሉ መርጫ ደንዝዞ ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። ይህን ግን ከራሱም ደብቆት ነበር።

የድርጅቱ የአስተዳደር ኃላፊ ንግግር የማታበዛ፣ በዕድሜ የምትበልጠው ሴት ናት። አንድ ቀን ጠዋት አስጠርታ ከፊቷ ያለውን ማኅደር ከፈተች።

“የሹመት ደብዳቤህን ጥያቄ ለዋናው መሥሪያ ቤት ልልክልህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይዞኛል።” አሥራ አንድ ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ገፋ አደረገችለት። “የአንደኛው ቡድን አቤቱታ ነው። ልብሱ ይሸታል፣ ድንኳኑ ይሸታል፣ ከረጢት ውስጥ መተኛት አልቻልንም ይላሉ።”

“እኔ እኮ ምንም አልሸተተኝም።”

“አንተ አትለብሰውማ።”

ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ መልሶ ገፋላት።

“ይኸው ቡድን ከአሥር ቀን በኋላ ይወጣል” አለች። “የዚያን ዕለት ጠዋት ዕቃውን ግቢ ውስጥ ይረከባሉ። የቡድኑ ካቦ ተስማምቶኛል ብሎ ከፈረመ አቤቱታው ይነሣል፣ እኔም ደብዳቤህን እልካለሁ። ካልፈረመ ለቦታው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ አንተም ወደ ጸሐፊነትህ ትመለሳለህ። ተግባባን?”

“ተግባብተናል” አለ፤ እየወጣም ሳለ በልቡ ስንት ጣሳ መርጫ እንደሚያስፈልገው ይገምት ነበር።

ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ያለችውን የማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የያዟት ሴት ናቸው። ሁሉም “እትዬ” ይላቸዋል። ክፍሏ ውስጥ አንድ የማጠቢያ ማሽን፣ ሁለት የሲሚንቶ ገንዳና ሦስት በርሜል አሉ። እትዬ ልበ ለስላሳ ሴት አልነበሩም፤ ነገር ይይዛሉ፣ ሰላምታም ይሰስታሉ። ሥራቸውን ግን ያውቁ ነበር፤ በዚያ ግቢ ይህን ለማለት የሚቻለው ስለ ጥቂቶች ብቻ ነው።

“አሥር ቀን?” አሉ ነገሩን ሲሰሙ። “ለጥቂት ይበቃል። ዛሬውኑ ሁሉንም ከጆንያ አውጥተን እንበትነዋለን። ናፍጣ የነካው ለብቻው ነው፤ ነፋስ ሳይመታው ውኃ አይነካም። የቀረውን አቼቶ ጠብ ባለበት ቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈን እናሳድረዋለን። ብብቱንና አንገትጌውን በሶዳ እቦርሸዋለሁ። ከዚያ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ እሱም ጥቂት። ሁለቴ ማለቅለቅ፣ ገልብጦ ማስጣት። ድንኳኑ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ተዘርግቶ ካልዋለ ማንም እንዳያጥፈው።”

“የልብስ ማለስለሻውንስ መቼ ነው የሚጨምሩት?”

“ማለስለሻ እዚህ ክፍል አይገባም። ክሩን እንደ ቅባት ይለብጠውና ሽታውን ከውስጥ ይቆልፍበታል። የዝናብ ልብሱንማ ጭራሽ ውኃ ያስጠጣዋል። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ሌላ ነው።”

“ምን?”

“ግቢው።”

የፊት ለፊቱ ግቢ ማለታቸው ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የማይለየው፣ ነፋስም የሚያልፍበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነው። ተጠባባቂው ግን ቀና ብሎ ከግቢው በላይ ያለውን የሥራ አስኪያጁን መስኮት አሰበና ፊቱ ተለወጠ።

“እዚያማ አይሆንም። ሰውየው መጋረጃቸውን ሲከፍቱ የሰው ካልሲ ይቀበላቸው?”

“የታጠበ ካልሲ ቢያዩ ምን ይሆናሉ?”

“እትዬ፣ ይኼ እርስዎ የሚገባዎት ነገር አይደለም። የክብር ጉዳይ ነው።”

“የማን ክብር?”

“ታች ባለው ክፍል ይሰጣ” አለ።

“ምድር ቤቱ? መስኮት የለው፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል። እዚያ ጨው እንኳ ውኃ ይሆናል።”

“በሩን ክፍት እናደርገዋለን።”

እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው እያበሱ አዩት። “ኃላፊው እርስዎ ነዎት” አሉና ወደ ገንዳቸው ዞሩ።

ሥራ አስኪያጁን ሄዶ መጠየቅ ይችል ነበር። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው። ነገር ግን መጠየቅ ማለት “ካልሲ” የሚለውን ቃል በሥራ አስኪያጅ ፊት መናገር ነበር፤ እሱም በልቶ የማያውቅ፣ አልቦት የማያውቅ ሰው መስሎ ለመታየት ስድስት ዓመት የደከመ ሰው ነው። ለአለቃው የሚያስፈልገው ንጹሕ ሥራ መሆኑን ትቶ፣ የሚያስፈልገው ንጹሕ እይታ ነው ብሎ ደመደመ። እንዲህ ያለው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ ቆሻሻን ከማስወገድ ይልቅ ቆሻሻ የሚታይበትን መስኮት የሚፈራ።

እትዬ በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉንም አጠቡ። ዘፈዘፉ፣ ቦረሹ፣ ሁለቴ አለቀለቁ። ከገንዳው ሲወጣ አንድም ነቀፌታ የሚወጣለት ልብስ አልነበረም። ከዚያም ሸክሙን እየተመላለሱ ወደ ምድር ቤት አወረዱት። በአምስተኛው ቀን ቱታዎቹ እንደ እርጥብ ቅጠል ተጣብቀው ተንጠልጥለዋል። በሰባተኛው ቀን ከደረጃው አፍ ላይ ለቆመ ሰው ሁሉ የሚደርስ የታፈነ፣ ጎምዛዛ ሽታ ተነሣ። ተጠባባቂው አልሸተተውም፤ ከእትዬ ፊት ግን አነበበው።

“መልሶ መዘፍዘፍ ነው” አሉ። “ገና ሦስት ቀን አለን። ዛሬ ላለቅልቀውና ነገ ጠዋት ግቢው ላይ ላውጣው። ፀሐዩ ጥሩ ነው፣ ይደርሳል።”

“ደክሞዎታል እትዬ። ሁለት ቀን ይረፉ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።”

“እርስዎ?” አሉ። ሳቃቸውን ለመዋጥ ሞክረው አልሆነላቸውም። ሽርጣቸውን ፈትተው ሄዱ።

የሠራውን ሲሠራ ማየት የሚያሳዝን ነገር ነበር። ከሱቅ ሁለት ካርቶን ማለስለሻ አመጣና እያንዳንዱን ልብስ፣ የዝናብ ልብሱን ሳይቀር፣ በእጥፍ መጠን አስጠጣው። ምድር ቤቱ ውስጥ አራት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለኮሰና በሩን ዘጋ። ሁለት ቀን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ እየተመላለሰ ልብስ አገላበጠ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ። ላዩ ደረቅ ሲልለት አንድ በአንድ ተኮሰ፣ አጠፈ፣ በየእጥፋቱም መካከል ሽቶ ነፋ። ድንኳኖቹን ሳይዘረጋ ጠቅልሎ ጥቅልሉን ከውጭ ረጨው። ሰነፍ አልነበረም፤ ይህ ሊሰመርበት ይገባል። ለማስመሰል የደከመው ድካም በእውነት ለመሥራት ከሚበቃው ይበልጥ ነበር። ልብሶቹን ወደ ግቢው አውጥቶ ገመድ ላይ መጣል ግማሽ ቀን አይፈጅበትም ነበር።

በአሥረኛው ቀን ንጋት፣ ገና ሳይሞቅ፣ የአንደኛው ቡድን ሰዎች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የአስተዳደር ኃላፊዋ ነጠላ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች። እትዬም ከማጠቢያ ክፍላቸው በር ላይ ናቸው። ዕቃው በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ካቦው አጭርና ደንዳና፣ ጢሙን የሚያሳድግ ሰው ነው። አንድ ቱታ አንሥቶ አፍንጫው ላይ ያዘው።

“አቤት፣ አቤት። አለቃ፣ አበባ ነው እኮ የሚሸተው። ይኼን ለብሰን ምሰሶ ልንተክል ነው ወይስ ልንዳር?”

ሰዎቹ ሳቁ። ተጠባባቂውም አብሮ ሳቀና እስክሪብቶውን አወጣ። “እዚህ ጋ ነው የምትፈርመው።”

“ቆይ እንጂ። ቀጭኑ ገና አልወጣም።”

ተጠባባቂው አልገባውም። በግቢው ጥግ ለልምምድ የተተከለ አንድ ምሰሶ አለ። ቡድኑ ለጉዞ በሚነሣበት ጠዋት ሁሉ የሚፈጽመው አንድ ሥርዓት ነበረው፦ ከመካከላቸው አንዱ አዲስ የተሰጠውን ልብስ ለብሶ፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘግቶ፣ ምሰሶው ላይ ሁለቴ ይወጣል፣ ሁለቴ ይወርዳል። ሲሞቀው ዚፑን ይከፍትና የቀሩት ቀርበው ያሸታሉ። ቀዝቃዛ ልብስ ማንንም እንደሚሸውድ ከልምዳቸው ያውቃሉ። ይህ ሥርዓት በዚያ ግቢ ከግምጃ ቤቱ በሮች ይልቅ ያረጀ ነው። ተጠባባቂው በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላየውም፤ ቡድን የሚነሣው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ እሱ የሚገባው ሁለት ሰዓት ተኩል። ዕቃውን በዋዜማው አስረክቦ ይሄዳል እንጂ ሰዎቹን ሲሄዱ ወጥቶ የሸኘበት ጊዜ የለም።

ቀጭኑ የሚሉት ሠራተኛ ቱታውን ለበሰ፣ የዝናብ ልብሱን ደረበ፣ ወጣ።

“ቀስ በል፣ ሽቶው እንዳይተንብህ” አለው አንዱ ከታች።

“አንተ ዝም ብለህ ቁጠር” አለ ከላይ።

ሁለተኛውን ጨርሶ ሲወርድ ግንባሩ አልቦታል። ሰዎቹ ከበቡት። ዚፑን እስከ ሆዱ ድረስ ሳበው። ክቡ እንደ ተነገረው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሰፋ።

“እህ?” አለ ካቦው።

“እንዴት ብዬ ልንገርህ ካቦ” አለ ቀጭኑ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ። “እርጥብ ፍየል ሽቶ ቤት የተቀጠረች ነው የሚመስለው።”

ሳቅ ሆነ። ካቦው ግን አልሳቀም። ከመኪናው የውኃ ጠርሙስ አምጥቶ በዝናብ ልብሱ ክንድ ላይ አፈሰሰ። ውኃው ተንከባልሎ መውረድ ሲገባው ጨርቁ ውስጥ ሰመጠ፣ ጠቁሮም ተስፋፋ። ካቦው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ሽታው እንኳ ይሁን። ይኼን ለብሶ ዝናብ ላይ የሚወጣ ሰው ይረጥባል። የረጠበ ሰው ይንቀጠቀጣል። እዚያ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? አታውቅም። እኔ አልፈርምም።”

“እኔ ምንም አልሸተተኝም” አለ ተጠባባቂው። እውነቱን ነበር፤ በዚያ ጠዋት የተናገረው ብቸኛ እውነትም እሱ ነው። ከዚያ የኃላፊዋን ዓይን ሲያይ እጁን ወደ ማጠቢያ ክፍሉ በር ዘረጋ። “ለነገሩ ያጠበችው እሷ ናት።”

ስድስት ዓመት “እርስዎ” ሲላቸው የኖሩትን ሴት በአንድ ትንፋሽ “እሷ” አደረጋቸው። የቡድኑ ሰዎች ሳቃቸውን አቆሙ።

“እውነት ነው እትዬ?” አለች ኃላፊዋ።

“ያጠብኩት እኔ ነኝ” አሉ እትዬ ከበሩ ሳይነቃነቁ።

“ማለስለሻ ጨምረውበታል?”

“እኔ እጅ ማለስለሻ ኖሮ አያውቅም። እሱን የያዘውን ሰው ይጠይቁ።”

“የት ነው የተሰጣው?”

“ታች፣ ምድር ቤት።”

“ይኼ ሁሉ ግቢ እያለ?”

እትዬ ተጠባባቂውን አዩት። ሌሎቹም አዩት። “የሥራ አስኪያጁ መስኮት...” አለ፣ “እሳቸው ሲያዩት ደስ አይላቸውም ብዬ...”

ኃላፊዋ ቀና ብላ መስኮቱን አየችው። “ያ መስኮት? ከውስጥ በኩል የመዝገብ ቁም ሣጥን ተደግፎበታል። እኔ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።”

ተጠባባቂው ያ ክፍል ውስጥ አራት ጊዜ ገብቷል። አራቱንም ጊዜ የገዛ ጫማውን ጫፍ ሲያይ ነው የወጣው።

ጉዞው በስድስት ቀን ተላለፈ። ኃላፊዋ ቁጣ አላሰማችም፤ ቁጣዋን ለሚገባው ሰው የምታስቀምጥ ሴት ነበረች። “ሁሉም እንደገና ይታጠባል” አለች። “የዝናብ ልብሱ ማለስለሻው ተለቅልቆ እስኪያልቅ ድረስ። እዚሁ ግቢ ይሰጣል፣ የምታሰጣውም አንተ ነህ። በመጨረሻው ላይ ካቦው ከፈረመ ደብዳቤህ ይሄዳል። ቃሌን አላጥፍም።”

እንዲህ ያለው ዕድል ለማይገባቸው ሰዎች ሲሰጥ ማየት የተለመደ ነው። ተጠባባቂው በማግስቱ እስከ ክርኑ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አጥልቆ፣ አፉንና አፍንጫውን በጭንብል ሸፍኖ፣ ባርኔጣውን ቅንድቡ ላይ ደፍቶ ወጣ።

“ባንክ ሊዘርፉ ነው?” አሉት እትዬ።

“አቧራ አይስማማኝም።”

“እርጥብ ልብስ ላይ ምን አቧራ አለ? ይልቅ ያንን ጫፍ ይያዙ።”

አራት ቀን ሠሩ። እትዬ ያዛሉ፣ እሱ ይታዘዛል። ቱታውን ገልብጦ በእግሩ በኩል መስቀል፣ የቦት ጫማውን ገበር አውጥቶ ለብቻው ማስጣት፣ ድንኳኑን በአራት ምሰሶ ወጥሮ በየሦስት ሰዓቱ ማገላበጥ። ነፋሱ የእሱን የስድስት ዓመት ሽቶ በአራት ቀን አባረረው። በአራተኛው ቀን ቀጭኑ እንደገና ወጣ፣ ወረደ፣ ዚፑን ከፈተ። ካቦው አሸተተ፣ ውኃም አፈሰሰበት። ውኃው እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ሲወርድ፣ “ይኼ ልብስ ነው” አለና ፈረመ። ለእትዬም ራሱን ዝቅ አደረገላቸው። ኃላፊዋ በዚያው ሰዓት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች።

በአምስተኛው ቀን የቀሩት ካልሲዎች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አንድ ንጹሕ መኪና ግቢው ውስጥ ገባና ሙሉ ልብስ የለበሰች፣ ማኅደር የያዘች ሴት ወረደች። ዙሪያውን አየችና ወደ ቅርቡ ሰው መጣች። ቅርቡ ሰው ተጠባባቂው ነበር፤ በሁለቱም እጆቹ እርጥብ ካልሲ ይዟል፣ ከክርኑም ውኃ ይንጠባጠባል።

“ይቅርታ ወንድሜ፣ የግምጃ ቤቱን ኃላፊ የት አገኛቸዋለሁ?”

“ኃላፊ” ነው ያለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችበትም። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተብሎ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሴትዮዋን ጫማ አየ፣ ማኅደሯን አየ፣ ከዚያም እጁ ላይ ያለውን አየ።

“የሉም” አለ ከጭንብሉ ውስጥ።

“ዛሬ አይመለሱም?”

“አይመስለኝም።”

“አይ፣ ያሳዝናል። የሹመት ደብዳቤያቸውን በእጃቸው አስፈርሜ እንድሰጥ ተልኬ ነበር። ዝርዝሩ ዛሬ ይዘጋል። ያልተረከበ ሰው ይዘለላል።”

ከተወጠረው ድንኳን ማዶ የእትዬ እጅ የልብስ መቆንጠጫ እንደያዘ ቆመ። ሁሉንም ሰምተዋል። የሚቀረው ጭንብሉን ወደ ታች ማውረድና “እኔ ነኝ” ማለት ነበር፤ ሁለት ቃል። ከሥራ አስኪያጁ መስኮት የሚያየው እንደሌለ ደግሞ አሁን በሚገባ ያውቃል።

“ሲመጡ እነግራቸዋለሁ” አለ።

“ተባረክ ወንድሜ” አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

መኪናው ከበሩ እስኪወጣ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ድንኳኑን ገለጥ አድርገው አዩት። ከዚያም እጃቸውን ዘረጉ። “እነዚያን ያቀብሉኝ” አሉ፤ ካልሲዎቹን ተቀብለው ራሳቸው ሰቀሏቸው።

በማግስቱ ኃላፊዋ አስጠራችው። “ትናንት መልእክተኛዋ መጥታ የሉም ተባልኩ አለች። በሥራ ሰዓት የት ነበርክ?”

መናገር ይችል ነበር። እትዬ ምስክር ነበሩ፣ ነገሩም ባንድ ስልክ የሚቃና ነበር። ነገር ግን ለማስረዳት፣ “ያ ካልሲ የያዘው ሰው እኔ ነኝ” ማለት ያስፈልገዋል። ደብዳቤውንና ይህን ዓረፍተ ነገር በልቡ ሚዛን ላይ አስቀመጣቸው።

“ለአፍታ ወጣ ብዬ ነበር” አለ።

ኃላፊዋ “ከሥራ ገበታው ያልተገኘ” ብላ ጻፈች፣ ማኅደሩንም ዘጋችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሌላ ቅርንጫፍ አንድ ሰው ቋሚ የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾሞ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ከአቀባበሉ በኋላ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ከእትዬ ጋር ግቢው ላይ ድንኳን ሲዘረጋ ዋለ። የቀድሞው ተጠባባቂ ከጸሐፊነት ጠረጴዛው ሆኖ በመስኮት ሲያየው ዋለ። ማታም ወጥ ቤት ገብቶ ለባለቤቱ ነገራት።

“አዲሱ ሰውዬ ክብር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም” አላት።

“ደብዳቤ ግን አለው” አለች፣ ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና ሳትል።